ስሙን ሰውየው ፊት እንጻፈው

በደሴና በኮምቦልቻ ጤናን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣ ደም ለምትቀዱ ነርሶችና የላብራቶሪ ባልደረቦቼ፣ ክንዳችሁን አምናችሁ ለምትሰጡን ወገኖቼም፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ደሴ ውስጥ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በሙያው 15 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ ነገር ልለምን ነው። የደም ቱቦ ላይ ስም የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ እሱ እያየ ይሁን። አስቀድሞ አይጻፍ። ቱቦዎቹ ጠረጴዛ ላይ ከተከማቹ በኋላም አይጻፍ።

ይህ ደግሞ ደብዳቤ ያስጽፋል ወይ የሚል ይኖራል። ያስጽፋል። በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር። ሰኞ ደሴ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ሰኞ ገበያ የመጣው የገጠር ሰው በዚያው ጤናውንም አሳይቶ ሊመለስ ያስባል። ከኩታበር፣ ከገራዶ፣ ከሐይቅ መንገድ ሰው ይጎርፋል። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ደጅ ይወጣል። እኔም ወረፋውን ላቃልል ብዬ አንድ ልማድ ይዤ ነበር። ጠዋት ማዘዣ ወረቀቶቹን እሰበስብና ቱቦዎቹ ላይ ቀድሜ ስም እጽፋለሁ። ሰው ሲገባ ስሙ የተጻፈበትን ቱቦ አንስቼ እቀዳለሁ። ሥራው ይፈጥናል። አለቆቼም ወደዱት።

በዚያ ቀን ሁለት ሴቶች ነበሩ። ስማቸው አንድ ነው፤ የአባታቸውም ስም አንድ። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ስለሆነ ደም እንዲዘጋጅላት ታዟል። ሌላዋ ቀዶ ሕክምና አትጠብቅም፤ የደም ዓይነቷ እንዲታወቅና የደም ማነሷ እንዲታይ የመጣች ናት። ስም ጠራሁ። አንዷ ተነሳች። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ አይደል?» አልኳት። «አዎ» አለች። ቀዳሁ። ሁለተኛዋንም እንደዚሁ። ቱቦዎቹ ተቀያየሩ። እኔ አላወቅኩም።

ያዳነን ነፍሰ ጡሯ ካርድ ውስጥ የነበረ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የተሠራላት የደም ዓይነት ውጤት። ኦ ፖዘቲቭ ይላል። እኔ ያወጣሁት ኤ ፖዘቲቭ ነው። የሰው የደም ዓይነት ደግሞ በእርግዝና አይቀየርም። አንድ በዕድሜ የገፉ ባልደረባዬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ማንን ነው የቀዳኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ኦ ለሆነ ሰው ኤ ደም ቢሰጠው ሰውነቱ የመጣውን ደም እዚያው ደም ሥር ውስጥ ያፈርሰዋል። ኩላሊት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሰው ይሞታል። ብዙ መጠን አይፈልግም፣ ትንሹም ይበቃል። የሚያስደነግጠው ደግሞ፣ የሚሰጠው ደም ከታካሚው ደም ጋር መስማማቱን የሚያሳየውን ምርመራ፣ ክሮስማች የምንለውን፣ ብሠራ ኖሮ ይስማማ ነበር። በእጄ የነበረው ቱቦ የሌላዋ ሴት ደም ነዋ። የመመርመሪያው ኬሚካል አልተበላሸም። ማሽኑ አልተሳሳተም። ምርመራውን አንድም ሳላጎድል በሥርዓቱ ሠርቻለሁ። የሌላ ሰው ደም ላይ ነው የሠራሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ «አንተ ነህ አይደል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አይደለሁም» ማለት ይከብደዋል። በይሉኝታ አዎ ይላል። ጆሯቸው የደከመ አባት የጠራኸውን ሳይሰሙ አዎ ይላሉ። ከንጋት ጀምሮ ወረፋ የያዘች እናት የሷን ስም የሚመስል ነገር ከሰማች ትነሳለች። ስማችን ደግሞ ይመሳሰላል። ወሎ ውስጥ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ «ሰይድ ይማም!» ብላችሁ ተጣሩ። ሦስት ሰው ይነሳል። ስለዚህ ስሙን እኛ አንናገር፣ እሱ ይንገረን። «ስምዎ ማን ይባላል? እስከ አያት ይንገሩኝ። ዕድሜዎስ?» የነገሩንን ከማዘዣውና ከካርድ ቁጥሩ ጋር እናስተያይ። ከዚያ እንቅዳ። ቀድተን ስንጨርስ ፓርከሩን አንስተን እዚያው እንጻፍ። ስም ከነአያት፣ ካርድ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት። ማንበብ ለሚችል እናሳየው፣ ለማይችል እናንብብለት። መጻፉና ማንበቡ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

አዲስ ነገር አልጠየቅኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደም አቀዳድ መመሪያ ውስጥ የታካሚን ማንነት ማረጋገጥ ከመሠረታዊዎቹ አንዱ ነው። ቢያንስ በሁለት ነገር፣ ለምሳሌ በሙሉ ስምና በካርድ ቁጥር፣ ሰውን መለየት ዓለም የተስማማበት አሠራር ነው። ጥናቶችም ደጋግመው የሚያሳዩት ከላብራቶሪ ጋር ከሚያያዙ ስህተቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ናሙናው ማሽን ላይ ከመጫኑ በፊት የሚፈጠሩ መሆናቸውን ነው። እኛ ግን ውጤት አልስማማ ሲለን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ማሽኑን ነው።

ስሙ ትክክል ሆኖም ደሙ ሊበላሽ ይችላል። ይህንን ለብቻው ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሐኪሞቻችንንም ታካሚዎቻችንንም በከንቱ የሚያስደነግጠው እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት የአንድ ተኝቶ ታካሚ ናሙና መጣ። በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ከ9 በላይ ወጣ። ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። በ9 ላይ ልብ መምታቱን ሊያቆም ይችላል። ሐኪሙ ሲነገረው ሮጦ አልጋው ጋ ሄደ። ሰውየው ቁጭ ብለው ሾርባ እየጠጡ ነው። ካልሲየማቸውን አየሁት፤ ከሚታመን በታች ወርዷል። ያን ጊዜ ገባኝ። የቀዳው ልጅ ደሙን በሲሪንጅ ወስዶ መጀመሪያ ሐምራዊ ክዳን ያለውን ቱቦ ሞልቶታል። ቀዩ ጎደለበት። ታካሚውን ሁለተኛ ላለመውጋት አዝኖ፣ ከሐምራዊው ቀንሶ ቀዩ ላይ ጨመረ። ለሰውየው ማሰቡ ነበር። ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ኢዲቲኤ የምንለው፣ ራሱ ፖታሲየም ያዘለ ጨው ነው። ካልሲየምን ደግሞ ይይዘዋል። ትንሽ ጠብታ ብትሻገር ፖታሲየም ሽቅብ፣ ካልሲየም ቁልቁል። ለልጁ ሳስረዳው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማንም አልነገረውም ነበር። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም።

የቱቦዎቹ ቅደም ተከተል የወጣው ለዚህ ነው። የደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ጀርም መኖሩ የሚታይበት ምርመራ፣ ካለ እሱ ይቀድማል። ከዚያ ሰማያዊ ክዳን፣ ከዚያ ቀይ ወይም ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ መጨረሻ ግራጫ። ይህንን በቀለም አትሞ ደም መቅጃው ግድግዳ ላይ መለጠፍ የአንድ ወረቀት ወጪ ነው። በአማርኛ ይሁን። ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ደም መገልበጥ ክልክል እንደሆነም ከሥሩ በጉልህ ይጻፍበት።

ሌላው የፈረሰ ደም ነው። ደሙን በፍጥነት አዙሮ በሚለየው ማሽን፣ በሴንትሪፊዩጅ፣ ካዞርነው በኋላ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ጠራ ያለ ቢጫ መሆን ሲገባው ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ ይወጣል። የደም ሕዋሱ ተሰባብሮ በውስጡ የነበረው ፈስሷል ማለት ነው። ፖታሲየሙ ከፍ ይላል። የጉበትና የልብ ምርመራዎች የሚለኩት ኤንዛይሞችም አብረው ይወጣሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእጃችን ነው። ቀጭን መርፌ እንመርጣለን፣ ሲሪንጁን በኃይል እንስባለን፣ ደሙን በመርፌው ቀዳዳ አስጨንቀን ወደ ቱቦው እንገፋለን፣ አልኮሉ ሳይደርቅ እንወጋለን። ቱቦውን ደግሞ እንደ ሽሮፕ እንንጠዋለን። ቱቦ አይናጥም። በዝግታ ይገለበጣል፤ ሐምራዊው ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሰማያዊው ከ3 እስከ 4 ጊዜ። ሰማያዊው መስመሩ ድረስ መሞላት አለበት፤ ከጎደለ የደም መርጋት ምርመራው ውሸት ይሆናል።

ክንድ ማሰሩም ላይ ልናገር። ማሰሪያ ጠፍቶ በጓንት ስናስር አይቻለሁ፣ እኔም አስሬያለሁ። ከጓንቱ ይልቅ የሚጎዳው መቆየቱ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ ታስሮ ከቆየ ደሙ ይወፍራል፣ ውጤቱም ይዛባል። «ጨብጥ፣ ፍታ፣ ጨብጥ፣ ፍታ» እያልን እጁን ማሠራቱም ፖታሲየሙን ከፍ ያደርገዋል። አንዴ ጨብጦ ቢይዝ ይበቃል። ጉሉኮስ ከተሰካበት ክንድ ደግሞ አንቅዳ። ሌላው ክንድ አለ። ከጉሉኮሱ ክንድ የተቀዳ ደም ስኳሩ ሰማይ ይነካል፣ ሄሞግሎቢኑ በውኃ ቀጥኖ ይወርዳል። በዚያ ውጤት ስኳር የሌለበት ሰው ኢንሱሊን ሊወጋ ይችላል።

አሁን ወደ ባዶ ሆድ ልምጣ። ይህ ለእኛ ሀገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ጾመዋል?» ብለን እንጠይቃለን። ዐቢይ ጾም ውስጥ ያሉ እናት «አዎ ልጄ፣ ጾመኛ ነኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሥጋም ወተትም አልነኩም። ጠዋት ግን በስኳር የጣፈጠ ሻይ በዳቦ ወስደዋል። በረመዳን የመጡ አባትም «ጾመኛ ነኝ» ይላሉ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ሱሑር የበሉት ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ እኛ የቀዳናቸው ጠዋት 3 ሰዓት። አምስት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ለባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ያስፈልጋል። ጾም የሚለው ቃል በቤታችን ሌላ ትርጉም አለው፤ እኛ ቃሉን ስለተዋስነው ሰው አሳሳትን። ስለዚህ እንዲህ እንጠይቅ፦ «ከትናንት ማታ እራት በኋላ ምን ምን ቀመሱ? ሻይ? ቡና? ቆሎ?» ቡናን ብዙ ሰው ከምግብ አይቆጥረውም። አቦል ጠጥቶ «ምንም አልቀመስኩም» የሚለው ብዙ ነው። የቡናን ስም ጠርተን ካልጠየቅነው አይነግረንም።

ደም ከክንድ ወጥቶም ሕያው ነው። ቱቦ ውስጥ ሆኖ ስኳሩን ይበላል። ፈሳሹ ከሕዋሱ ሳይለይ በክፍል ሙቀት የቆመ ደም በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ስኳሩን ያጣል። አስቡት። የአንድ ሰው የባዶ ሆድ ስኳር 130 ነው እንበል። ከ126 በላይ ስለሆነ በስኳር በሽታ ተጠርጥሮ ክትትል ሊጀመርለት ይገባል። ደሙ ጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆየ 115 አካባቢ ሆኖ ይነበባል። ሰውየው በሽታውን ይዞ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ይበልጥ ይቀንሳል። ደሙ ስኳሩን እንዳይበላ የሚያግድ ኬሚካል ያለበት ግራጫው ቱቦ ይረዳል፤ ግን እሱም በመጀመሪያው ሰዓት መቀነሱን ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም።

«እንግዲያው በበረዶ እንላከው» ያለኝ ባልደረባ አለ። ለስኳሩ ይጠቅም ይሆናል፤ ለፖታሲየሙ ግን ሌላ መዘዝ ነው። ሕዋሱ ፖታሲየምን ውስጥ ይዞ የሚያቆየው በፓምፕ ነው፤ ፓምፑ በብርድ ይደክማል። ያልተለየ ደም በረዶ ላይ ሲቆይ ፖታሲየሙ እየሾለከ ይወጣና ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ናሙና ከሙቀት ወደ ብርድ ይገባል፤ በመንገዱም ይናጣል። መፍትሔው በተቀዳበት ቦታ ማዞር፣ ፈሳሹን መለየት፣ ከዚያ መላክ ነው። ትንሽ ሴንትሪፊዩጅ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። የሌላቸው ካሉ፣ የበጀቱ ቅድሚያ እሱ ይሁን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የሁለቱም ከተሞች ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ላብራቶሪዎችም አብረው ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የምንነጋገረው ስለ ማሽን ነው። ልክ ነው፣ ማሽን ያስፈልጋል። ነገር ግን ማሽን የሚለካው የሰጡትን ነው። እባካችሁ ከማሽኑ ጋር ቱቦውን፣ ማሰሪያውን፣ መርፌውን ቁጠሩ። ጊዜው ያለፈበት ቱቦ ደም የመሳብ አቅሙ ይደክማል፤ ሳይሞላ ይቀራል። ቱቦ ባለቀ ቁጥር ባለሙያው በሲሪንጅ መቅዳትና መገልበጥ ውስጥ ይገባል። ከላይ የነገርኳችሁ ልጅ እንዲያ ነው የተሳሳተው።

ስም ሳይጻፍበት ወይም ቀድሞ ተጽፎበት የመጣ ቱቦ ተቀባይነት እንደሌለው በጽሑፍ ወስኑልን። ላብራቶሪው «ይህ አይሠራም፣ ይደገም» ሲል ከጎኑ ቁሙ። ዛሬ ናሙና የመለሰ ሰው ከዋርዱ ጋር ይጣላል፣ ከአስታማሚው ይሰደባል፤ በመጨረሻ ሰልችቶት ዝም ብሎ ይሠራዋል። የተመለሰ ናሙና ሁሉ ከነምክንያቱ መዝገብ ላይ ይስፈር። በወር አንድ ቀን ነርሶችም እኛም ተቀምጠን እንየው። ለቅጣት አይሁን። ሰው ከፈራ ይደብቃል። እኔ ያን ቀን ተደብቄ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት ዛሬ ልጆቿን አታሳድግም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደም መቅጃው ላይ ሰው ጨምሩ። አንድ ባለሙያ ያን ሁሉ ሰው እያስተናገደ «ስምዎ እስከ አያት» ለማለት ትንፋሽ አይኖረውም። ለተለማማጅ ተማሪዎችም ሆነ ቱቦ ለሚያመላልሱ ሠራተኞች ግማሽ ቀን ሥልጠና ስጡ። ተላላኪዎቹን ብዙ ጊዜ እንረሳቸዋለን። ቱቦውን በኪሳቸው ይዘው በባጃጅ የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር። የአንድ ዓመት ልጅ ክንድ ላይ ደም ሥር መፈለግ ምን እንደሆነ የቀዳ ሁሉ ያውቀዋል። እናቱ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ ይዘጋል። ያ ደም ረግቶ ወይም ስም አጥቶ «ይደገም» ሲባል ልጁ እንደገና ይወጋል። አንዴ ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰች እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና «ከዚህ በኋላስ አልሰጥም» ብላኝ ወጣች። ሳልጠራት ቀረሁ። ምን ብዬ ልጥራት?

ወገኖቼ፣ እናንተም የድርሻችሁ አለ። ቁርስ ከበላችሁ በላሁ በሉ፤ ማንም አይቆጣችሁም፤ የሚቆጣችሁ ካለም የጥፋቱ ባለቤት እሱ ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ተናገሩ። ከመንገድ ሮጣችሁ ከገባችሁ ትንሽ ተቀመጡና አረፍ በሉ። ስማችሁን ሙሉውን፣ ከነአያታችሁ ተናገሩ። ደም ቀድተዋችሁ ቱቦው ላይ ምንም ሳይጻፍ «ጨርሰሃል፣ ተነስ» ካሉዋችሁ አትነሱ። «ስሜን እዚሁ ይጻፉልኝ» በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም። ደሙ የእናንተ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። የትኛውም ጤና ጣቢያ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ቱቦዎቹን በቅደም ተከተል አስቀምጬ ለነርሶችና ለተማሪዎች ለማሳየት ያለ ክፍያ እመጣለሁ። የግድግዳውን ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ማተሚያ ቤት የሚወስደው ሰው ብቻ ነው የቀረው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደሴ፣ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ